አጋፋሪውን የሚገዛው ሕግ
የመግቢያ ተርሚናልን ሂደት ስለሚያስረው የግዴታ ቁጥጥር ደንብ የቀረበ ሒስ

ብዙ ሰው በአንድ ኮምፒዩተር በሚሠራበት ስፍራ ከባለጉዳዩ ጋር አስቀድሞ የሚነጋገር አንድ ትንሽ ሂደት አለ። በሊኑክስ ሥርዓት ስሙ ጌቲ ይባላል። ተርሚናሉን ይከፍታል፤ ስም ይጠይቃል፤ ስሙንም ተቀብሎ ሎጊን ለተባለው ሂደት ያስረክባል። የምሥጢር ቃሉን መርምሮ የሚያስገባው ሎጊን ነው። በቤተ መንግሥት ልማድ ብንመስለው፥ ጌቲ አጋፋሪ፥ ሎጊን እልፍኝ አስከልካይ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አጋፋሪው ራሱ በምን ሕግ እንደሚገዛ ነው፤ አጋፋሪው ከከዳ የግንቡ ጥንካሬ አይረባምና።

በተለመደው አሠራር የፋይል ባለቤት ለወደደው ይከፍታል፥ ላልወደደው ይዘጋል፤ ሩት የተባለው የሥርዓቱ አለቃ ደግሞ ሁሉን ይችላል። ጌቲ የሚነሣው በዚሁ አለቃ ሥልጣን ስለ ሆነ፥ ክፉ ሰው ቢያታልለው የአለቃው ቁልፍ ሁሉ ከአታላዩ እጅ ይገባል። የግዴታ ቁጥጥር የሚባለው ይህን ለማገድ ከባለቤቱም ከአለቃውም ፈቃድ በላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ሂደት የሥራውን ልክ የሚወስን ሕግ ነው። ቤልና ላፓዱላ ሐሳቡን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 በሒሳብ መልክ አቀረቡት። ኤስ ኢ ሊኑክስ የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ለሕዝብ ወጣ፤ በ2003ም ከሊኑክስ 2.6 ጋር ተዋሐደ።

ለጋምቤላ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፥ የወንዝ ፊቱም ከ2000 ሜትር የማያልፍ ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተመሠረተ። ተከራዩ ቦታውን ያስተዳድራል፤ ነገር ግን ለንግድ እንጂ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳያውለው ታግዷል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ ኪራዩ አብቅቶ ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ቁልፉን የያዘው ሰው የቤቱን አገልግሎት በፈቃዱ መለወጥ አለመቻሉ፥ የግዴታ ቁጥጥር ማለት ይህ ነው። ልዩነቱ፥ ውል የሚያስከብረው ሰው ይሻል፤ በኮምፒዩተር ግን የሥርዓቱ እምብርት፥ ከርነል የሚባለው፥ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ዳኛ ሆኖ ይቆማል።

ለጌቲ የተጻፈው ደንብ በመሠረቱ መልካም ነው። ሂደቱ የራሱ መለያ አለው። ተርሚናሎችን እንዲከፍት፥ የመግቢያ መዝገቡን እንዲጽፍ፥ ሎጊንን እንዲጠራ ይፈቀድለታል፤ ሎጊን ሲነሣ ደግሞ መለያው ተለውጦ በሌላ ደንብ ሥር ይገባል። ያልተፈቀደ ሁሉ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ጌቲ የተራውን ፋይል ፈቃድ የመሻር ሥልጣን ቢኖረውም እንኳ የምሥጢር ቃላቱን መዝገብ ሊያነብ አይችልም።

የምንነቅፈው ልዩ ፈቃዱን ነው። በዚሁ ደንብ ውስጥ ለሬድ ሃት ሲባል እጅግ ሰፊ የሆነው የሥርዓት አስተዳደር ሥልጣን ለጌቲ ተጨምሮለታል። በኡቡንቱ ዘርፍ ደግሞ ጌቲ ከነጭራሹ ልቅ እንዲሆን የሚፈቅድ አንቀጽ አለ። ሥራ እንዳይቆም ተብሎ መሆኑ ይገባናል፤ የመጀመሪያው ፈቃድም ሌሎቹን ክልከላዎች አይሽርም። ሁለተኛው ግን አጋፋሪውን ለማሰር የተጻፈውን ሕግ በራሱ ገጽ ላይ ይፈታዋል።

ከዚህም የሚከፋው በባለሙያው እጅ ያለው ነው። ሥርዓቱ አስገዳጅና ታዛቢ የሚባሉ ሁለት አኳኋኖች አሉት፤ ታዛቢው ጥፋትን ይመዘግባል እንጂ አይከለክልም። ፋይሎች መለያቸውን ካልያዘ መጠባበቂያ ቅጂ ሲመለሱ፥ ወይም ቁጥጥሩ ጠፍቶ ሳለ አዲስ ፋይሎች ሲፈጠሩ፥ መለያዎቹ ይጐድላሉ፤ ሰውም ከመግባት ሊታገድ ይችላል። ያን ጊዜ መለያዎቹን እንደ ገና ማስተካከል ጊዜ ስለሚፈጅ፥ ብዙ ባለሙያ መላውን ሥርዓት ታዛቢ አድርጎ ይሄዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ነገሩ በጋምቤላ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ክልሉ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ከ3 መቶ ሺህ በላይ ስደተኞችን ያስጠጋ ነው፤ የእያንዳንዱ ስደተኛ ስም፥ ቤተ ሰብና የመጣበት ስፍራ በመዝገብ ይያዛል። እንዲህ ያለ መዝገብ በየትኛውም ሥርዓት ቢቀመጥ፥ ከጦርነት የሸሸውን ሰው በሚያሳድደው እጅ ቢወድቅ፥ የሚጠፋው ሕይወት ነው።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ልዩ ፈቃዶቹ እየተመረመሩ ይጥበቡ። ችግር ሲነሣም መላውን ሥርዓት ከማላላት የታወከውን አንድ ሂደት ብቻ ለተወሰነ ጊዜ ታዛቢ ማድረግ ይቻላል፤ ሥርዓቱ ይህን ይፈቅዳልና። የኮምፒዩተር ትምህርት የምንማር ሁላችን ደግሞ ደንቡን ከማጥፋት አስቀድሞ ማንበብን እንልመድ። ሕጉን የማያነብ ባለሙያ፥ ሳያውቀው ለሌባው አጋፋሪ ይሆናል።