የልጅ ዕድል በምን ይሰፈራል?

የ12ኛ ክፍል የሞዴል ፈተና ውጤት በተለጠፈ ማግስት ቢሮዬ ደጃፍ ያለችው አግዳሚ ሰው አታጣም። ጊድር መጋላ ያለውን ንግዷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የመጣች እናት፣ ባጃጁን አጥር ሥር ያቆመ አባት፣ ከጀጎል ውስጥ የልጅ ልጃቸውን አስከትለው የመጡ አያት ተራ ይጠብቃሉ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ የጤናው፣ የቤቱ፣ የውሃው መጥፋት ሁሉ ይነሳል። ከዚያ ወረቀቱ ከዘንቢል ወይም ከኪስ ይወጣል። ሐረር አንቱታ አታበዛምና ጥያቄውም በቀጥታ ይመጣል፦ «አቦ መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ። ይገባል?»

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። የተማሪዎች ምክር ክፍሉን ደርቤ መያዝ ከጀመርኩም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራው በደብዳቤ ላይ «ጋይዳንስ» ይባላል፤ ሰው ከእኔ የሚፈልገው ግን ትንበያ ነው። ለዚህ ከተማችን እንግዳ አይደለችም። በአሹራ ሌሊት ለጅብ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፤ አበላሉ ታይቶም የመጪው ዓመት ዕጣ ይነበባል። ጅቡን ግን ዓመቱ ሲያልቅ ጠርቶ «ለምን ተሳሳትክ?» የሚለው የለም። እኔን ፈረስ መጋላ ላይ እንኳ አስቁመው ይጠይቁኛል።

በዚህ ሥራ መጀመሪያ የተማርኩት የሚያስፈራውን ቁጥር በቦታው ማስቀመጥን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ የተፈተኑት ነው። ከተፈተኑት ከ896,000 በላይ ልጆች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ወላጅ ይህን በሬዲዮ ይሰማና «ከመቶ ሦስት ከሆነማ የኔ ልጅ የት ይደርሳል?» እያለ ይመጣል።

የመቶ ሦስቱ ነገር ስለ ሕዝቡ ነው የሚነግረን። ወደ ልጁ ለመድረስ ሕዝቡን እየከፈሉ መውረድ ያስፈልጋል። በዚያው በ2014 ከተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 6.8 በመቶው ሲያልፉ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ያለፉት 1.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ አባት ይህን ሰምቶ ልጁን በግድ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ሊያዛውር መጣ። ቀድሞውንም ጎበዞቹ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ስለሚጎርፉ ልዩነቱ ከክፍሉ ይልቅ ከሚገቡት ልጆች እንደሚመጣ ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ፊዚክስ የሚያስጨንቀው ልጅ ከጎበዞቹ አጠገብ ስለተቀመጠ ብቻ ዕድላቸውን አይወርስም።

ቀጥሎ የማየው ትምህርት ቤቱን ነው። በዚያ ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ፤ በአንጻሩ ያስፈተኗቸውን ሁሉ ያሳለፉ ጥቂት አዳሪ ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። ስለዚህ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ትራንስክሪፕት ሲቀርብልኝ «አማካዩ 91 ነው» የሚለው አያስደንቀኝም። የመጀመሪያ ጥያቄዬ «91 ያገኙት ስንት ናቸው?» የሚል ነው። ሃያ ልጆች ካሉ ቁጥሩ የመምህሩን ደግነት ነግሮኛል ማለት ነው። ከማርኩ ይልቅ ደረጃውን፣ ከአንድ ዓመት ደረጃም ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን አካሄድ አምናለሁ። ከ30ኛ ደረጃ ተነስቶ 12ኛ የደረሰ ልጅ፣ ከ3ኛ ወደ 12ኛ ከወረደው ጋር በወረቀት እኩል ነው፤ እኔ ጋ ግን እኩል አይደሉም።

ከዚያ ወደ ሞዴሉ እሄዳለሁ። የሒሳብ ሰው መሆኔ የሚጠቅመኝ እዚህ ላይ ነው። አሁን ፈተናው ስድስት ትምህርት፣ ከ600 ነጥብ ነው፤ ማለፊያው 300። ጥያቄዎቹ በአብዛኛው አራት ምርጫ አላቸው። ምንም ሳያነብ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ልጅ ከአራት አንዱን ያገኛል፤ ከ600 ወደ 150 ያህል ማለት ነው። ስለዚህ 180 ያመጣ ልጅ «ከግማሽ መንገድ አልፌያለሁ፣ 120 ብቻ ቀረኝ» ሲል እየተሳሳተ ነው። በእውቀቱ የሄደው ከ150 እስከ 180 ያለችውን 30 ነጥብ ነው፤ ገና አራት እጥፏ ይጠብቀዋል። የአገሪቱ አማካይ ውጤት በ2015ም በ2016ም ከ30 በመቶ በታች እንደነበር ሲታሰብ፣ ስንቱ ልጅ በግምት ዳርቻ ላይ እንደተቀመጠ ይታያል።

ይኸው ስሌት ሌላም ያስተምራል። የሚገመቱ ጥያቄዎች ስለሚበዙ፣ የአንድ ልጅ ድምር ምንም አዲስ ነገር ሳይማር፣ ምንም ሳይረሳ፣ በዕድል ብቻ አሥርም ሃያም ነጥብ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። 290 ያመጣችውና 310 ያመጣችው ልጅ ለእኔ አንድ ናቸው። መግቢያው ግን አንዷን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላዋን ወደ ሪሜዲያል ወይም ወደ ቤት ይልካል። ይህን ስለማውቅ ድንበሩ አጠገብ ላለ ልጅ «ታልፋለህ» አልልም፤ «ከድንበሩ ራቅ» እለዋለሁ። 40 ነጥብ ትርፍ ይዞ የሚገባ ልጅ የዕድልን ንፋስ ይቋቋማል።

የሞዴሉንም ቀን እመለከታለሁ። ባለፉት ዓመታት ረመዳን መጋቢት ላይ ሲውል ሞዴሉ ብዙ ጊዜ ጾም ላይ ይወድቅ ነበር። ለሱሁር ተነስቶ፣ ከዚያ ሳይተኛ የመጣ ልጅ ከሰዓት በኋላ ኬሚስትሪ ላይ የሚያመጣው ነጥብ ክረምት ላይ የሚያመጣው አይደለም። በሌላ በኩል የጫቱ ጥናት አለ። «ቲቸር፣ ትናንት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አጠናሁ» ይለኛል አንዱ። ያጠናውን ዝጋና ጻፍልኝ ስለው ከምርቃናው ጋር ሄዷል። በመጽሐፍ ፊት ያለፈ ሰዓት ዕድልን አይለካም፤ ሳያዩ መልሶ መጻፍ መቻል ግን ይለካል።

ለራሴ ያኖርኩት አንድ ልማድ አለ። በየዓመቱ ልጆቹ ወደ ፈተና ግቢ ሻንጣቸውን ይዘው ከመሄዳቸው በፊት፣ በአንድ ደብተር የእያንዳንዳቸውን ስም፣ ያመጣል ብዬ የምገምተውን ነጥብና ከጎኑ አንዲት ምክንያት እጽፋለሁ። ለማንም አላሳይም። ውጤት ሲወጣ ከእውነቱ ጋር አስተያየዋለሁ። ይህን ከመጀመሬ በፊት ራሴን ጥሩ ገማች አድርጌ እቆጥር ነበር፤ ሰው የሚያስታውሰው የተሳካለትን ነውና። ደብተሩ አዋረደኝ። ስህተቴ እንዲሁ የተበታተነ ቢሆን ባልከፋኝ፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያደላ ነበር። ክፍል ውስጥ እጅ የሚያወጣውን፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፈውን ልጅ ከፍ አድርጌ ገምቻለሁ። ከኤረርና ከሶፊ ወረዳ ገጠር የመጣውን፣ ቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚነገርበትን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሒሳብ ጥያቄ ሁለቴ አንብቦ ግን በትክክል የሚሠራውን ዝቅ አድርጌያለሁ። ዝም የሚሉትን ሴት ልጆችም እንደዚሁ። ጨዋነትና አንደበት ለዓይን ይቀርባሉ፤ ፈተናው ግን አይጠይቃቸውም። ይህን ካየሁ ወዲህ መጀመሪያ ነጥቡን እጽፋለሁ፣ ስሙን በኋላ።

እስካሁን ያልኩት ስለ ማለፍ ነው። «መግባት» ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። ሐረር ውስጥ ብዙ እናት «ገባች» የምትለው ልጇ ጋዋን ለብሳ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትመላለስ ነው፤ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነውና። ዋናው ግቢም ከዓለማያ ኮሌጅነቱ ጀምሮ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ ደጃችን ላይ ነው። ደጅ ላይ መሆኑ ግን በሩን አያሰፋውም። 300 ማምጣትና ሕክምና መማር የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ይህን ልዩነት ለወላጅ የማስረዳው በሁለት በሮች ነው። አንደኛው በር ላይ የቁመት ምልክት አለ፤ ምልክቱን የደረሰ ሁሉ ይገባል። የ50 በመቶው ነገር እንደዚህ ነው። የጎረቤትሽ ልጅ ማለፍ የልጅሽን ቦታ አይወስድም፤ እንዲያውም አብረው ቢያጠኑ ሁለቱም ይረዝማሉ። ሁለተኛው በር ላይ ምልክት የለም፤ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ተቆጥረዋል፤ ረጃጅሞቹ ተመርጠው ይገባሉ። የራሱን የመግቢያ ፈተና የሚሰጠው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሕክምና ትምህርት ክፍሎች በዚህኛው በር ይመደባሉ። እዚህ የልጁን ቁመት ብቻ ለክቼ መልስ መስጠት አልችልም፤ አብረውት የሚቆሙትን አላየኋቸውምና። ስለዚህ ለመጀመሪያው በር መገመት እችላለሁ፤ ለሁለተኛው ደግሞ ብዙ በር እንዲያንኳኩ እመክራለሁ።

የባሕር ማዶው ጥያቄ የሁለተኛው በር የመጨረሻው ጫፍ ነው። ቶሮንቶ ያለች አክስት ትደውልና «ሃርቫርድ ለድሃ ልጅ ሙሉ ወጪውን ይሸፍናል፣ ለምን አትሞክሩም?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይሸፍናል። በቅርብ ዓመታት ግን ከመቶ አመልካች የሚቀበለው ሦስት ወይም አራት ነው። ቁጥሩ ከ2014ቱ የእኛ ፈተና ጋር መመሳሰሉ ያስገርማል፤ ትርጉሙ ግን ፍጹም ሌላ ነው። የእኛ መቶ ውስጥ በግምት የሚያጠቁረውም አለ፤ የእነሱ መቶ በየአገሩ አንደኛ የወጣው ነው። ገንዘቡም አለ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ከውጭ የሚያመለክት ልጅ የገንዘብ ድጋፍ ሲጠይቅ ያንኑ ከመቀበል ውሳኔው ጋር ያያይዙታል፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የመሳሰሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው የማያያይዙት። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያ መልሴ ስለ ማርክ ሳይሆን «ቤተሰቡ በዓመት ስንት መክፈል ይችላል?» የሚል ነው። ምንም ከሆነ፣ በሩ በጣም ጠባብ መሆኑን በግልጽ ነግሬ፣ የአገር ውስጡን ጥናት ሳያቋርጡ እንዲሞክሩ እተዋቸዋለሁ።

ለእነዚያ ኮሌጆች መምህሩ የሚሞላው ቅጽ አለ። ልጁን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አስተያይቶ በአንዱ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው፤ የመጨረሻው ሳጥን «በአስተማሪነት ዘመኔ ካየኋቸው ጥቂት ምርጦች አንዱ» የሚል ዓይነት ነው። ወላጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያንን ሳጥን እያየ ዝም ሲል እጄ ይከብደኛል። እስካሁን እዚያ ላይ ምልክት ያደረግሁት ሁለት ጊዜ ነው። ለሁሉም ምልክት የሚያደርግ መምህር ብዕሩ ዋጋ ያጣል፤ አንድ ቀን ምልክቱ የሚገባው ልጅ ሲመጣም የሚሰጠው ነገር አይኖረውም።

የቀረው አነጋገሩ ነው፤ ከስሌቱ ሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ለአንድ ልጅ እውነት መስሎኝ «አይሆንልህም» አልኩት። ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ መምጣት ተወ፤ ግምቴም ልክ ሆነ። ደብተር ያኔ አልነበረኝም እንጂ ቢኖረኝ «ትክክል» ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን እንዲህ ያለው ትክክል ያስፈራኛል። ለወላጅ የምናገረው ሦስት ነገር ነው፦ ልጁ ዛሬ የት እንደቆመ፣ ከስድስቱ ትምህርት በቀረው ጊዜ በቶሎ ነጥብ የሚጨምርበት የቱ እንደሆነ፣ እስከ ሐምሌ በየሳምንቱ ምን እንደሚሠራ። ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለደብተሬ አስቀምጣለሁ።

አምና አንድ ልጅ ሞዴሉ ላይ 262 አመጣ። ሒሳቡ ጥሩ ነበር፣ እንግሊዝኛው ግን ከግምት ብዙም አልራቀም። ደብተሬ ላይ «280። አይገባም፤ በእንግሊዝኛው ይቀራል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያም እንግሊዝኛው ዕረፍት ነሳኝ። በየጠዋቱ በር ላይ እያስቆምኩት አንዲት አንቀጽ አስነብቤ ምን እንደተረዳ እጠይቀው ነበር፤ ሲሰለቸው ከሩቅ አይቶኝ በሌላ በር መግባት ጀመረ፤ እኔም ያንን በር ተለማመድኩት። ውጤት ወጥቶ 307 አምጥቶ ሲመጣ ስለ ደብተሩ ከሆነ ቦታ ሰምቶ ኖሮ «የኔ ምን ይላል?» ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ላሳየው አልፈለግሁም። በመጨረሻ ግን ከፍቼ ሰጠሁት። መስመሯን ሁለቴ አነበባትና ቀና አለ።

«አቦ ቲቸር» አለኝ፣ «በየጠዋቱ የምታስነብበኝ ለዚህ ነበር እንዴ?»

«ለዚህ ነበር» አልኩት። ብዕሬን አንስቼም ከ280 ጎን 307 ጻፍኩ፤ በ27 ነጥብ ተሳስቼ ነበር።