ባለቤቱ የተሰወረ ግሥ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ሲመዘን

የመጽሐፍ ነገር እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ወርቁን ጥሎ ሄዷል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ ዛሬ ድረስ አንባቢ አልተለየውም፤ በራዲዮም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ስለ ተተረከ ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ ሳይቀር በጆሮው ተቀብሎታል። ስለ መጽሐፉ ሐተታ ከሚሰጡት ብዙዎቹ ግን ያለፈውን የባላባት ሥርዐት የሚወቅስ ታሪክ ነው ብለው ነገሩን በዚያው ይዘጉታል። እንዲህ ከሆነ ባላባቱ ስለ ተሻረ መጽሐፉም ሥራውን ጨርሷል፤ የቀረውም እንደ አሮጌ ጋሻ ከግድግዳ ተሰቅሎ መታየት ብቻ ነው ማለት ይሆናል። ይህ አነባበብ ሰሙን አገኘ እንጂ ወርቁን አላገኘም። የመጽሐፉ ወርቅ ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታም ከባላባቱ ጋራ አልተሻረም፤ ልብሱን ለውጦ በከተማ ተቀምጧል።

ታሪኩ የቆመበት ስፍራ ለቢቸና ሰው እንግዳ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ በእነማይ ምድር ያለ የታወቀ ደብርና የትምህርት ቤት ነው። ደራሲውም በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነትን ትምህርት ተምረዋል፤ ደብረ ወርቅም ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ናት። እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ጎጃምን በሩቅ አይቶ የተጻፈ አይደለም፤ ከቅኔው ቤት ውስጥ የወጣ ሰው የጻፈው ነውና የቅኔው ቤት ሰው በገዛ ሚዛኑ ሊመዝነው ይገባል።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። በዛብህ ከማንኩሳ የመጣ፥ ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት የዲማ ተማሪ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ የተባሉት ባላባት ሴት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምርላቸው ከቤታቸው ያስገቡታል፤ ሁለቱም ይፋቀራሉ። አስቀድሞ ልጅቱን የለመኑት ሁሉ ትውልዳቸው ከፊታውራሪው ትውልድ አይተካከልም እየተባሉ ስለ ተመለሱ ልጅቱ ያለ ባል የመዳሪያ ዕድሜዋን አሳልፋለች። ፍቅራቸው ሲታወቅ በዛብህ ሸሽቶ አዲስ አበባ ይገባል፤ እርሷም የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ትወጣለች። ስታገኘው ግን ሽፍቶች አቍስለውት በሞት አፋፍ ላይ ነው። እርሱ ይሞታል፤ እርሷ ትመነኵሳለች፤ በመጨረሻም ወዳጃቸው ጉዱ ካሣ ተጨምሮ ሦስቱም በአንድ መቃብር ይተኛሉ።

አሁን ወደ ወርቁ እንመለስ። ይሉኝታ የሚለው ስም «ይሉኛል» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሰዋስው የተማረ ሰው ግሡን ይዞ ባለቤቱን ቢፈልግ አያገኘውም፤ የሚሉት እነማን እንደ ሆኑ አይነገርምና። ጌታ ቢሆን አቤት ይባልበታል፤ ዳኛ ቢሆን ይግባኝ ይባልበታል፤ ባለቤቱ የተሰወረ ግሥ ግን ወዴት ይከሰሳል? እያንዳንዱ ሰው በገዛ ቤቱ ፈሪ፥ በጎረቤቱ ቤት አስፈሪ ነው። የዚህ ቀንበር ክብደቱም በዚህ ነው፤ የጫነው ሰው ስላልታወቀ የሚያወርደው ሰው አይገኝም።

ደራሲው ይህን ነገር እንዴት አድርገው እንዳሳዩት ቢመረመር ጥበባቸው ይገለጣል። ፊታውራሪ መሸሻ በሰው ፊት አስፈሪ ጌታ ናቸው፤ በውስጥ ሲታዩ ግን ከባሮቻቸው ይልቅ የታሰሩ ናቸው። ሴት ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ነገር ግን የእኩያ ልጅ አይደለም ለተባለ ሰው ዳሯት እንዳይባሉ ዕድሜዋን በእጃቸው ያቃጥሉታል። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩአይነት የእናት አንጀት አላቸው፤ የቤቱ ወግ ግን አፋቸውን ይዞታል። በዛብህም የታሰረው በባላባት ገመድ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ያልተሳለው ስእለት በአንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጉዱ ካሣ ደግሞ ልማድን መርምሮ የማይረባውን እንጣል ስላለ ቅጣቱ እስራት ወይም ግርፋት አልሆነም፤ ስም ወጣለት እንጂ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ «ጉዱ» ከተባለ በኋላ የሚናገረው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ የእብድ ቃል ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ የተሰወረው ዳኛ የሚፈርደው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። ትውልድ መቍጠር በጎጃም ባዶ ኵራት ብቻ አልነበረም። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስመስከር ስለ ነበር አያት ቅድመ አያቱን ያልቈጠረ ሰው በሸንጎ መሬቱን ያጣ ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ዳሞት ተቀምጦ መርምሮ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የትውልድና የርስት ነገር በሰፊው ገልጦታል። ይህ የርስት ፍቅር ምን ያህል ጽኑ እንደ ነበረ ለማወቅ ከልብ ወለዱ ወደ ታሪክ መሻገር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች የተጨመረባቸውን ግዴታ አንሸከምም ብለው በአበጀ በለው መሪነት ይነሣሉ። መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1960 ዓ.ም.፥ የሞጣ፥ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር በርስታችን ላይ የመጣ ነው ብለው በእውነት መሣሪያ አነሡ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በኋላም ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ከጎጃም አነሣ፤ ውዝፉንም ግብር ማረ። ደራሲው ነቢይ ስለ ሆኑ አይደለም፤ የአገራቸውን ሰው ልብ ስለሚያውቁ ነው።

ከዚያ ወዲህ የትውልድ ቈጠራ መሠረቱ ተናደ። የየካቲት 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገው፤ በ1989 ዓ.ም. በዐማራ ክልል መሬት እንደ ገና ተሸነሸነ። ዛሬ በእነማይም ሆነ በሁለት እጁ እነሴ አያቱን እስከ ሰባት ቤት ቢቈጥር በዚያ ምክንያት አንዲት ጥማድ መሬት የሚሰጠው ሰው የለም። እንግዲህ ምክንያቱ ከጠፋ ይሉኝታው ለምን አልጠፋም? መልሱ፥ ይሉኝታ ያለ ሚዛን አይቀመጥም፤ አንዱ ሚዛን ቢሰበር ሌላ ያነሣል የሚል ነው።

የመጀመሪያው አዲስ ሚዛን የትምህርት ምስክር ወረቀት ነው። ከሽንሸናው በኋላ የተወለደው ልጅ መሬት የለውምና ቤተሰቡ ሁሉ ተስፋውን በፈተናው ላይ ጣለ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ክረምት በክልሉ ጦርነት ተነሣና ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ተዘግቶ ከረመ። ፈተናውን ያላለፈ ልጅ ከመቶ ዘጠና ስድስት ጓደኞቹ ጋራ ወድቆ ሳለ ብቻውን የወደቀ ይመስለዋል፤ የአባቱን ደጅ ያፍራል፥ የሰፈሩን መንገድ ይለውጣል። ብዙውም እርሻ መያዝን እንደ ውርደት፥ የቀን ሥራን እንደ ነውር ቈጥሮ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። ፊታውራሪ መሸሻ ለማኞችን የመለሱበት ሚዛን አባቶችን ይቈጥር ነበር፤ የዛሬው ሚዛን ወረቀት ይቈጥራል፤ የሚመልሰው ሰው ግን ከዚያኛው ይበዛል።

ሁለተኛው ሚዛን ድግስ ነው። ማኛ ጤፍ በሚበቅልበት በዚህ አገር እንጀራን ለእንግዳ ማብዛት የቈየ ደግነት ነው። ነገር ግን ልጁን በአቅሙ ልክ ሊድር የነበረ ሰው የእገሌን ሰርግ አይቶ ይበደራል፤ የሚከራይ መኪና፥ የሚከራይ አዳራሽ፥ የሚከራይ ልብስ ይፈልጋል። ሙሽሮቹ ጫጕላ ሲወጡ የሚቀበላቸው ባለ ዕዳ ነው። ሙት የተዘከረበት ቤትም እንዲሁ ነው፤ ለድኻ ሊሰጥ የነበረው እህል ለጠገበ ሰው ቀርቦ ልጆቹ በክረምት ዘር ያጣሉ።

ሦስተኛውም የሴት ልጅ ዕድሜ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴቲቱን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 አድርሶታል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ሰብለ ወንጌልን በአባቷ ቤት ያንገበገባት «ቆማ ቀረች» የሚለው ሐሜት ዛሬም አባትን ያስደነግጣል፤ ዐማራ ክልል ልጆች ልጅነትን ሳይጠግቡ ከሚዳሩባቸው የኢትዮጵያ ክፍሎች አንዱ ሆኖ የቈየውም ዐዋጅ ስለ ጠፋ አይደለም። ዐዋጅ ባለቤቱ የታወቀ ቃል ነው፤ የሚታገለው ግን ባለቤቱ ካልታወቀ ቃል ጋራ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የእጅ ስልክ ተጨመረ። በፊታውራሪ መሸሻ ዘመን የሚሉት ሰዎች ቢበዙ የአንድ ደብር ሰዎች ነበሩ፤ በበዓል ቀን ከደጀ ሰላም ቆሞ መቍጠር ይቻል ነበር። ዛሬ ግን የሞጣ ልጅ ሰርጉን፥ ልብሱንና ማዕዱን የሚያሳየው በዐረብ አገርና በአሜሪካ ላሉት፥ ጨርሶም ለማያውቁት ሰዎች ነው። ቀድሞ ከዲማ ሸሽቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ከሐሜት ያመልጥ ነበር፤ አሁን የሚሸሸው ሰው ሐሜቱን በኪሱ ይዞት ይሄዳል።

መጽሐፉ ነውር የለበትም ማለት አይደለም። ጉዱ ካሣ አንዳንድ ጊዜ ሰው መሆኑ ቀርቶ ስብከት ይሆናል፤ ንግግሩ ይረዝማል፥ የሚመልስለትም ብርቱ ተከራካሪ አይገኝም፤ ተቃራኒው የደከመ ክርክር ደግሞ ቢረታም አያኰራም። ከዚህ የሚከብደው ግን የበዛብህ አሟሟት ነው። ታሪኩን ሁሉ የጠለፈው ይሉኝታ ሆኖ ሳለ የገደለው ሽፍታ ነው። ሽፍታ ለማንም የሚያጋጥም አደጋ ስለ ሆነ የአንባቢው ቍጣ ከልማዱ ላይ ተነሥቶ በመንገዱ ላይ ይፈስሳል። ሁለቱ ፍቅረኞች በሕይወት ተገናኝተው በሰው መካከል ሊኖሩ ቢሞክሩ ኖሮ የሚሉት ሰዎች ምን ያደርጓቸው ነበር? ደራሲው ይህን ጥያቄ በመቃብር ዘግተውታል፤ እንባው በዝቷል፥ ፍርዱ ግን ላልቷል። ይሁን እንጂ ሰብለ ወንጌል የአባቷን ደጅ ከፍታ የወጣችበት ሌሊት ይህን ጕድለት ብዙ ይክሳል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሌሎች ሲናገሩ የምታደርገው እርሷ ናትና።

አንዳንድ ካህናት ደግሞ መጽሐፉ ስእለትንና ሥርዐትን ያቃልላል ብለው ያዝኑበታል። ሐዘናቸው ከንቱ አይደለም፤ ኀፍረት የሌለው ሕዝብ አጥር የሌለው እርሻ ነው። የቆሎ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በቆመበት ደጅ ቍራሽ የሚወጣለት፥ ዕድርተኛው ለቀብር የሚሰበሰበው፥ የባልንጀራ ዐይን ስለሚታፈር ጭምር ነው። ነገር ግን ኀፍረትና ይሉኝታ አንድ አይደሉም። ኀፍረት ክፉ እንዳይሠራ ሰውን ይከለክላል፤ ይሉኝታ ደጉን እንዳይሠራ ይከለክለዋል። ኀፍረት ሰው ባያይም ይሠራል፤ ይሉኝታ የሚሠራው ሰው ሲያይ ነው። ደራሲው የነቀፉት ሁለተኛውን ነው፤ ይህንም የለየ ካህን መጽሐፉን እንደ ጠላት አያየውም።

ይልቁንም መጽሐፉ ለካህኑ ሥራ ይሰጠዋል። ሥርዐተ ተክሊልና ቍርባን አዳራሽ አይጠይቁም፤ ጸሎተ ፍትሐትም ዕዳ አይጠይቅም። ይህን የነፍስ አባት ሰርግ ከመቈረጡ አስቀድሞ ለንስሓ ልጁ በግልጥ ቢነግረው፥ ያ ሰው በጉባኤ ፊት «አባቴ ከለከሉኝ» ብሎ የሚጠጋበት ጥላ ያገኛል። ፈተና የወደቀውን ልጅ መምህሩ በስሙ ጠርቶ በአደባባይ ቢያከብረው የሰፈሩ አፍ ይታጠፋል። ከድግሱ ማዕድ ራስ ተቀምጦ ድግሱን መንቀፍ ግን አይሆንም፤ ባርኮ የበላ ሰው ከሚሉት ሰዎች አንዱ ሆኗልና።

የተሰወረውን ግሥ ለመርታት ሌላ መንገድ የለም፤ ባለቤቱን ማግኘት ነው። የቢቸናም ሰው ሆነ የሞጣ ሰው «ምን ይሉኛል» ባለ ጊዜ፥ የሚሉት እነማን ናቸው ብሎ አንድ ሁለት እያለ በስም ይቍጠር። ሲቈጥር ጥቂት ሰዎች ያገኛል፤ ከነርሱም መካከል የገዛ ስሙን ያገኘዋል።