የተተረተረ ጆንያ

ለበዓል ወደተሰናዳ የወልድያ ቤት ስትገቡ ቄጠማው ከእግራችሁ ሥር፣ ስፌቱ ከፊታችሁ ነው። መሶቡ ጥጉን ይዞ፣ ሰፌዱና ሙዳዩ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ይጠብቋችኋል። ጠጋ ብላችሁ ብትመለከቱ ከአለላው መሐል የሚያብረቀርቅ ባዕድ ነገር ታገኛላችሁ፤ ከማዳበሪያ ወይም ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ ተተርትሮ የወጣ ክር። አንዳንዱ ላይ ያረጀ ሹራብም ተፈትቶ ገብቷል። (የማን ሹራብ እንደነበረ መጠየቅ ደግ አይደለም።) ወደ መርሳ ወርዳችሁ የሐብሩን ቤቶች ብታዩም ይኸው ክር አይጠፋችሁም።

የባህል ተቆርቋሪዎቻችን ይህን ሲያዩ «ስፌቱ ተበረዘ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሰፊዋ ወስፌዋን አልጣለችም፤ ከመሐል ተነስቶ እየዞረ የሚሰፋው ጥምዝ፣ የቀለሙ አሰካክ፣ የጠርዙ አጨራረስ ሁሉ ከእናቷ የተማረችው ነው። የተለወጠው ክሩ ብቻ ነው። ሣሩ ወቅቱን ጠብቆ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ቀለም ይነከራል፤ ጆንያው ግን ዓመቱን ሙሉ ከቤት አይጠፋም። የጎደለውንም አልሸሽግም። ላስቲኩ ይንሸራተታል፤ እንደ ሣርም እርጥበት አይጠጣም። ስለዚህ ለግድግዳ ጌጥ ያምርበታል እንጂ እንጀራ በሚያርፍበት በመሶቡ ውስጥ ሳየው ቅር ይለኛል።

ከዚህ የባሰ ቅር የሚለኝ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቆርጦ፣ ቀይ ተቀብቶ፣ «ጽጌረዳ» ሲባል ነው። ለገና ጥዱ ላይ ጥጥ ተበትኖ በረዶ ሲሆንም እንደዚሁ። ቁሱ ተራ ስለሆነ አይደለም፤ የሆነውን እንዲደብቅ ስለተገደደ ነው። የስፌቱ ክር ጆንያ እንደነበረ አይክድም።

ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በዓለም የታወቀው ከዚህ ብዙ ባልራቀ መንገድ ነው። ከመርካቶ የተለቀመ የኮምፒዩተርና የስልክ ሽቦ እየገመደ፣ ጣውላ ላይ እየቸነከረ ይሠራል። ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ቀርበዋል። ሥዕሉ «ተበረዘ» ያለ ሃያሲ ግን አልሰማሁም። የወልድያዋ ሰፊ ስሟ የትም አይጻፍም፤ እኛም ሥራዋን «የእጅ ሥራ» ብለን ለባዛር ትተነዋል። እርግጥ ኤልያስ ቁሱን መርጦ ያነሳዋል፤ እሷ ዘንድ የመጣው በችግር ነው። የእሷ ምርጫ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ስሙ ከእርዳታ ጋር ለተቆራኘ ወሎ ይህ እንደዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የእርዳታው ጆንያ ላይ የለጋሹ ስም በትልልቅ ፊደል ታትሟል። ሲተረተር ፊደሉ ይበተናል፤ በነጩ ክር ላይ እዚህም እዚያም ሰማያዊና ቀይ ነጠብጣብ ይቀራል። ሰፊዋ ያንን ነጠብጣብ ሰብስባ በመሶቡ ወገብ ላይ ታዞረዋለች። በበዓሉ ቀን የገባ እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።