የባርነትና የአርነት ቃላት በእንግሊዝኛ፤ በትርጓሜያቸው ላይ የቀረበ ሒስ

የአትላንቲክን የባሪያ ንግድና የንግዱን መሻር ታሪክ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የሚያጠና ተማሪ ትምህርቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቃላት ዝርዝር ነው። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል የአማርኛው ፍች በአንድ መስመር ይቀመጣል። «ስሌቭ» ባሪያ፣ «አቦሊሽን» ነፃ ማውጣት፣ «ኢማንሲፔሽን» ነፃ ማውጣት፣ «ማኑሚሽን» እንደዚሁ ነፃ ማውጣት ይባላል። ይህ ልማድ ለጀማሪው መንገድ መጥረጉ አይካድም። ይሁን እንጂ ሁለት ብርቱ ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ልዩ ልዩ የሆኑ ሦስት ሥራዎች በአንድ የአማርኛ ሐረግ ስለሚጠቀለሉ፣ ተማሪው ማን፣ መቼ፣ ለማን ምን እንዳደረገ መለየት ይሳነዋል። ሁለተኛ፣ ቃላቱ የነገሩ ምስክሮች ብቻ ሳይሆኑ የክርክሩም ተካፋዮች እንደ ነበሩ ይዘነጋል። ከሕግ አውጪ፣ ከነጋዴ ወይም ከማኅበርተኛ አፍ የወጡ ናቸውና እያንዳንዳቸው ለአንድ ወገን አገልግለዋል። ስለዚህ የቃሉን ፍች ከመጻፍ አስቀድሞ ተናጋሪውን መመርመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ስሌቭ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንት የሕዝብ ስም ነበረ። በመካከለኛው ዘመን ከምሥራቅ አውሮፓ እየተማረኩ ይሸጡ የነበሩት የስላቭ ሕዝቦች ስም በላቲን በኩል አልፎ የተሸጠ ሰው ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የአማርኛውም ቃል ከዚህ የራቀ አይደለም። «ባርያ» በንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ውስጥ፣ ይኸውም በአራተኛው መቶ ዓመት፣ የሕዝብ ስም ሆኖ ይገኛል፤ ዛሬ ናራ ተብለው የሚታወቁት የኤርትራ ሰዎችም በጎረቤቶቻቸው ዘንድ በዚሁ ስም ሲጠሩ ኖረዋል። በሁለቱም ቋንቋዎች የሌላ ሕዝብ ስምና የተዋረደ ማዕረግ ስም አንድ ሆነው መገኘታቸው ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ትርጉም አለው። ባርነት በቋንቋ ውስጥ ሲገባ አስቀድሞ ከራስ ወገን ላልሆነ ሰው እንደ ተሰጠ ያመለክታልና።

«ስሌቭ ትሬድ» የባሪያ ንግድ ተብሎ ሲተረጐም ትርጉሙ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ንግድ የሚለው ቃል ነገሩን ከጨውና ከቡና ጋር በአንድ መዝገብ ያሰፍረዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስተው «ሚድል ፓሴጅ» የተባለው ነው፤ ቃል በቃል መካከለኛው ጉዞ ማለት ነው። የመርከቡ መንገድ በሦስት ይከፈል ነበር። ከእንግሊዝ ወደብ ሸቀጥ ጭኖ ወደ አፍሪካ መውረድ አንዱ፣ ሰዎችን ጭኖ ወደ አሜሪካና ወደ ካሪብ ደሴቶች መሻገር ሁለተኛው፣ ስኳርና ሌላ ምርት ይዞ መመለስ ሦስተኛው ነበረ። እንግዲህ ጉዞው መካከለኛ የሆነው በመርከቡ ባለቤት ሒሳብ ነው። ለተማረከው ሰው ግን መንገዱ ከመሀል አገር ወደ ባሕር ጠረፍ በእግር የተጀመረ፣ መመለሻም የሌለው ነበረ። በመርከብ መዛግብት ላይ የተመሠረተው ግምት ወደ 12.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች እንደ ተጫኑ፣ ወደ 10.7 ሚሊዮን የሚሆኑትም በሕይወት እንደ ደረሱ ያሳያል። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል የጐደሉት ሰዎች መካከለኛ በተባለው ጉዞ የሞቱት ናቸው። ቃሉን ሳያብራራ የሚተረጕም መምህር ተማሪውን ሳያስበው በነጋዴው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል።

ወደ «አቦሊሽን» ሲደረስ የዝርዝሩ ጉድለት ይበልጥ ይገለጣል። በ1787 በለንደን የተቋቋመው ማኅበር ዓላማው የባሪያ ንግድን ማሻር ብቻ ነበረ። ከመሥራቾቹ አንዱ ግራንቪል ሻርፕ ባርነት ራሱ እንዲነካ ቢፈልግም፣ ቶማስ ክላርክሰንና አብዛኞቹ ባልደረቦቹ በንግዱ መጀመር ይሻላል አሉ። የ1807 ሕግም የሻረው ንግዱን ነው፤ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በሸንኮራ እርሻ ላይ የነበሩት ሰዎች በማግሥቱም ባሮች ነበሩ። በ1823 የተመሠረተው ሌላው ማኅበር በስሙ ውስጥ «ቀስ በቀስ» የሚል ቃል አስገባ፤ በ1824 ደግሞ ኤልዛቤት ሄይሪክ የተባለች ሴት ባሳተመችው ትንሽ መጽሐፍ ይህንኑ ቃል ተቃውማ «ወዲያውኑ» የሚለውን በቦታው አቆመች። ክርክሩ በአንድ ተውሳከ ግሥ ላይ ነበረ፤ ተውሳከ ግሡ ግን የአንድ ትውልድ ዕድሜ ይመዝን ነበር። «አቦሊሽን»ን ነፃ ማውጣት ብሎ የተማረ ተማሪ 1807ን ባነበበ ጊዜ ሰዎቹ ነፃ የወጡ ይመስለዋል። ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሕግ ነው። አማርኛ ለዚህ መሻር የሚል የታወቀ ቃል አለው፤ ሹመት እንደሚሻር፣ ዐዋጅ እንደሚሻር ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ምርመራ የሚያሻው «አፕሬንቲስሺፕ» ነው። መዝገበ ቃላት የሙያ ተለማማጅነት ይለዋል። የ1833 ሕግ ነሐሴ 1 ቀን 1834 በተፈጸመ ጊዜ ወዲያው አርነት ያገኙት ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ብቻ ነበሩ። የቀሩት ተለማማጆች ተብለው ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተፈረደባቸው፤ ለእርሻ ሠራተኞች በሳምንት እስከ 45 ሰዓት፣ እስከ 1840 ድረስ። ዕድሜውን በሙሉ ሸንኮራ ሲቈርጥ የኖረ ሰው ሸንኮራ መቍረጥን እንዲለማመድ ተደረገ ማለት ነው። ይህ ሥርዓት በተቃውሞ ብዛት በ1838 ቀረ። በዚሁ ሕግ «ኮምፔንሴሽን»፣ ማለት ካሣ፣ ተመደበ፤ 20 ሚሊዮን ፓውንድም ተከፈለ። ካሣ በአማርኛ ሰሚ ዘንድ ለተበደለ የሚከፈል ነው። እዚህ ግን ገንዘቡን የተቀበሉት ባለቤቶቹ እንጂ 800,000 ያህል የሚሆኑት የተበደሉት ሰዎች አልነበሩም። ቃሉን በቃል የተካ ተርጓሚ ካላስጠነቀቀ በስተቀር አንባቢው ነገሩን በተቃራኒው ይረዳዋል።

ስለ «ማኑሚሽን»ና ስለ «ኢማንሲፔሽን» ሁለቱም ከላቲን «እጅ» ከሚለው ቃል እንደ ተወለዱ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ፊተኛው ከእጅ መልቀቅ፣ ሁለተኛው ከያዥ ሥልጣን ማውጣት ነው። በአጠቃቀም ግን ተለይተዋል። «ማኑሚሽን» አንድ ጌታ አንድን ሰው በፈቃዱ፣ በኑዛዜ ወይም በዋጋ ሲለቅ ነው፤ ባርነትም እንደ ሕግ ጸንቶ ይቀራል። «ኢማንሲፔሽን» መንግሥት ብዙዎችን በአንድ ቃል ሲለቅ ነው፤ አብርሃም ሊንከን ጥር 1 ቀን 1863 እንዳወጀው ማለት ነው። በግዕዝ ግዕዛን የሚለው ቃል የዚህ ዓይነት ነፃ መውጣት ስም ነው፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ባሮችና ስለ አርነታቸው ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። እንግዲህ ለፊተኛው ግዕዛን መስጠት፣ ለሁለተኛው አርነት ማወጅ፣ ለ«አቦሊሽን» ባርነትን ከሕግ መሻር ቢባል፣ አዲስ ቃል ሳይፈጠር ሦስቱ ሥራዎች በሦስት ስም ይለያሉ።

ሆኖም ከስም መለየት የሚበልጥ ጕዳይ አለ። እነዚህ የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ባለቤታቸው ሰጪው ነው። ጌታው ይለቃል፤ ምክር ቤቱ ይሽራል፤ ፕሬዚዳንቱ ያውጃል፤ ባሪያው ግን ይለቀቃል። በጆስያ ዌጅውድ ፋብሪካ በ1787 የተሠራው የማኅበሩ ምልክት ላይ አፍሪካዊው ተንበርክኮ በሰንሰለት እጁን ዘርግቶ ሲለምን መታየቱ ከዚሁ ሰዋስው ጋር ይስማማል። ታሪኩ ግን እንደዚያ ብቻ አልነበረም። በ1791 በሳን ዶሚንግ የተነሡት ባሮች በ1804 ሄይቲን ነፃ መንግሥት አደረጉ። በ1831 መጨረሻ ሳሙኤል ሻርፕ በጃማይካ ያስነሣው ዐመፅ በስቅላት ቢቀጣም፣ የለንደን ምክር ቤት የ1833ን ሕግ ያወጣው ይህን ባየ በሁለተኛው ዓመት ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ አንድ መልካም ነገር አለው። «ነፃ አወጣ» እና «ነፃ ወጣ» ሁለቱም ይነገራሉ፤ በሁለተኛው አነጋገር የወጣው ሰው ራሱ የግሡ ባለቤት ነው። ከእንግሊዝኛ የሚተረጕም ሰው ግን ተገብሮውን ለመጠበቅ ሲል «ነፃ እንዲወጡ ተደረገ» እያለ ይጽፋል። በዚህ ጊዜ ቋንቋው የነበረውን ሀብት ያጣል።

የሸሸው ሰው ስም ይህንኑ ያስረዳል። የ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «ስሌቭ» የሚለውን ቃል ሆን ብሎ ይሸሸዋል፤ በአገልግሎት ወይም በሥራ የተያዘ ሰው እያለ በዙሪያው ይሄዳል። ባርነት በስሙ የተጠራው በ1865 በወጣው 13ኛ ማሻሻያ፣ በተሻረበት ሰዓት ነው። በ1793ና በ1850 የወጡት ሕጎች ሸሽቶ የሄደውን «ፊዩጂቲቭ» አሉት። የአማርኛው ኮብላይ ለዚህ በጣም ይቀርባል፤ መኰብለል በዳዩ ሂያጁ እንደ ሆነ አድርጎ ይናገራልና። በ1861 ሦስት ሰዎች ወደ ፎርት ሞንሮ ጦር ሰፈር በሸሹ ጊዜ፣ ጄኔራል በትለር የጠላት ንብረት ናቸውና አልመልስም ለማለት «ኮንትሮባንድ» የሚለውን የጦርነት ሕግ ቃል ጠቀሰ። ሰዎቹ ተጠለሉ፤ ስማቸው ግን የዕቃ ስም ሆነ። ፍሬድሪክ ደግላስ በ1838 አምልጦ ሳለ፣ በ1846 እንግሊዛውያን ወዳጆቹ ለቀድሞ ጌታው ገንዘብ ከፍለው በሕግ ነፃ አደረጉት። ከባርነት ተቃዋሚዎች አንዳንዶቹ ይህ የባለቤትነትን መብት ማወቅ ነው ብለው ነቀፉ። አማርኛ እዚህ ላይ ተገዛ እና ተዋጀ የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት፤ በነቃፊዎቹና በወዳጆቹ መካከል የነበረው ክርክር በሙሉ በነዚህ ሁለት ቃላት ልዩነት ውስጥ ይገኛል።

በዘመናችን በእንግሊዝኛ «ስሌቭ» ቀርቶ «ኢንስሌቭድ ፐርሰን»፣ ማለት በባርነት የተያዘ ሰው፣ እንዲባል የሚመክሩ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ምክራቸው መሠረት አለው። ፊተኛው ቃል ሁኔታውን እንደ ተፈጥሮ ያስመስላል፤ ሁለተኛው ያዥ እንዳለ ያሳስባል። ጸሐፊው በራሱ አንደበት ሲናገር ይህን መምረጡ የተገባ ነው። የጥንቱን ሰነድ ሲጠቅስ ግን ቃሉን መለወጥ አይገባውም። የእርሻ መዝገብ ሰውን ከበቅሎ ቀጥሎ ባሪያ ብሎ ከጻፈ፣ አንባቢው ያንኑ ማየት አለበት። ኦላውዳ ኢኳያኖ በ1789፣ ሜሪ ፕሪንስ በ1831 ታሪካቸውን ሲያወጡ በዚያው በመራራው ቃል መናገራቸውም አይዘነጋም።

ይህ ሁሉ ሒስ በእንግሊዝኛ ላይ ብቻ ቢቆም ፍርዱ ጐደሎ ይሆናል። አማርኛም የራሱ መሸፈኛ አለው። ባሪያ ፈንጋይ የሚለው ስም ግፉን በግልጥ ይናገራል። ባሪያ አሳዳሪ የሚለው ግን ጌታውን እንግዳ ተቀባይ፣ ቤቱንም መጠለያ ያስመስላል። በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባርነት ነገር ዋና የክርክር ርእስ ነበረ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት የወጣው ዐዋጅ አርነትን ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ ሲሆን፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የባርነትን ሕጋዊነት ፈጽሞ ሻረ። እዚህም በተሻረና በቀረ መካከል ያለው ልዩነት ጥብቅ ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ልማድ ግን ቀስ ብሎ ይቀራል፤ ስድቡም ከልማዱ ይልቅ ይዘገያል። ባሪያ የሚለው ቃል ዛሬም በሰው ላይ ሲወረወር መሰማቱ የዚህ ማስረጃ ነው።

በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የቃላት ሥራ ከባርነት በወጡ ሰዎች እጅም እንደ ተሠራ ማስታወስ ተገቢ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተማርኮ ተሽጦ በ1870 በምጽዋ አርነት አገኘ፤ ስሙም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና ስለ ጻፈለት ባሪያ የተሰጠ ነው። እርሱና እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ የኦሮምኛን ቃላትና ተረት ሰብስበው የንባብ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም አደረሱ። ለሌሎች የተዘጋጁ ቃላትን ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ ቃል መራጮችም ሆኑ።

ስለዚህ ለከፍተኛ ተማሪዎች የሚዘጋጅ ዝርዝር በግራና በቀኝ ብቻ መወሰን የለበትም። ከቃሉና ከፍቹ ቀጥሎ ቃሉን ማን እንደ ተናገረው፣ በየትኛው ዓመትና ሕግ እንደ ዋለ፣ የግሡም ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚጻፍበት ሦስተኛ ረድፍ ያስፈልገዋል። ይህ ሲደረግ ዝርዝሩ ይረዝማል፤ የሚታወሱትም ቃላት ያንሳሉ። ነገር ግን ተማሪው 1807ን ከ1833፣ ተለማማጅነትን ከአርነት፣ ለጌታው የተከፈለውን ካሣ ለባሪያው ከቀረው ካሣ ለይቶ ያውቃል። የሕዝብን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህ መለየት ከብዙ ቃላት ዕውቀት ይበልጣል።