የሚሰማው ሰው ፊት

የፍቅር ፊልም ኤዲት ሳደርግ መጀመሪያ የምፈልገው የተናጋሪውን ፊት ሳይሆን የሰሚውን ነው። ወንዱ «እወድሻለሁ» ሲል የተመልካቹ ዓይን እሷን ይፈልጋል። ምን ትለው ይሆን? ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚቀመጠው መልሷ እስኪወጣ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሄድ ፊልም 12 ፍሬም ብጨምርላት ግማሽ ሰከንድ አገኘች ማለት ነው፤ በዚያች ግማሽ ሰከንድ አመነታች። ብቀንስባት ደግሞ ቀድማ የቆረጠች ትመስላለች። ተዋናይቷም ትወናውም ያው ነው።

ሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ይህንን በሙከራ አሳይቷል። የአንድን ተዋናይ ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ተመልካቹም ረሃብን፣ ሐዘንን፣ ምኞትን አየ። ስሜቱን ያመጣው ከራሱ ነበር። የፍቅር ፊልም የሚያስለቅሰንም ተመልካቹ የራሱን የሚያስገባበት ቦታ ሲተውለት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ቦታ መተው ያውቁበት ነበር። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ሰብለ ወንጌል የተገናኙት በአስተማሪና በተማሪ ወግ ነው። እሷ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ እሱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ። የአባት ክብርና የወላጅ ስለት በመሐል ቆመው እንዴት አፍ አውጥተው ይናገሩ? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አድማጩ አንድም ምስል ሳይቀርብለት ሁለቱን አይቷቸዋል። ትረካውን አሁንም ለሙያዬ ብዬ አዳምጠዋለሁ፤ የት ድምፁን እንደሚያወርድ፣ የት እንደሚያርፍ። ለእኔ የኤዲቲንግ ትምህርት ቤት ነው።

ከውጭ ፊልሞች አብልጬ የምወደው የዳይሬክተር ዎንግ ካር ዋይን «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ነው። ፊልሙ የወጣው በ2000 እ.ኤ.አ. ሲሆን ታሪኩ የ1960ዎቹ ሆንግ ኮንግ ነው። የአንዷ ባልና የአንዱ ሚስት እርስ በርስ የወደዱባቸው ሁለት ጎረቤታሞች በጠባብ ኮሪደርና በደረጃ ላይ ይተላለፋሉ። የከዳተኞቹን ፊት ፊልሙ አንዴም አያሳየንም፤ የምናየው የተከዱትን ብቻ ነው። በየክፍሉ ደግሞ ጎረቤት አለ፣ የጎረቤት ዓይን አለ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ፎቁ ሲቆም ግቢው ቀርቶ ደረጃው መጣ፤ ማን ከማን ጋር እንደወጣ ግን ዛሬም ይታያል። ግንቦት 1 ቀን፣ የልደታ ዕለት፣ ጎረቤት ንፍሮውንና ቡናውን ይዞ ደጅ ሲሰበሰብ፣ አንዱ ልጅ ስኒውን ለማን ቀድሞ እንዳቀበለ የሚያስተውሉ እናቶች ሞልተዋል። በሰው ፊት ስኒ ማቀበል ብዙ ይናገራል። የእኛ የፍቅር ፊልም ከዚህ ቢነሳ ደስ ይለኛል። የህንድ ፊልምን ቋንቋውን ሳናውቅ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ያለቀስንበት ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል፤ እናት፣ ዘመድ፣ ድህነት፣ መሐላ በፍቅረኞቹ መካከል ቆመው ስናይ ያየነው የራሳችንን ቤት ነበር። ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባንኳኳበት ዘመን የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሰው ውስጥ የገባውም የሚፈራው ነገር ከፍቅሩ ጎን ስለቆመ ነው።

ዛሬ በብዙ የአማርኛ ፍቅር ፊልሞች ላይ የሚያሳዝነኝ ሙዚቃው ነው። ተዋናይቷ ገና ቀና ሳትል ፒያኖው ይገባል፣ ማልቀሻችንን ይነግረናል። ፕሮዲውሰሩ አጠገቤ ተቀምጦ «ቀዝቅዟል፣ ሙዚቃ ጨምርበት» ይላል። ለተመልካቹ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ተመልካቹ ሊሞላው የመጣውን ቦታ ቀድሞ ሞላበት። ደግሞ ፍቅረኞቹ ካፌ ተቀምጠው ስሜታቸውን በረጅሙ ያብራራሉ። እንዲህ ሲሆን እኔ ቆርጬ የማወጣው እንጂ የምሠራው አይተርፈኝም።

ወጣት ዳይሬክተሮችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ተናጋሪውን ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ካሜራውን አዙሩና ሰሚውን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ከዚያም ዝም እስካለበት ድረስ ቅረጹት። መብራቱ ሊነሳ ነው፣ ሰዓት አልቋል ቢሏችሁም እሺ አትበሉ። ያልተቀረጸ ፊት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ አይፈጠርም።