ቡፌ ውስጥ የገባ ጊታር

ቡፌ ውስጥ የተቆለፈ ሲኒ ታውቃላችሁ አይደል? «ለእንግዳ ነው» ይባላል፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «እንዳይሰበር» ይባላል። የሙዚቀኞች የጊታር ክምችትም እንዲሁ ነው። አንዱ ለድምፁ ይገዛል፣ ሁለተኛው ለቀለሙ፣ ሦስተኛው እንዲያው እንዲኖር። አምፕሊፋየሩና በእግር የሚረገጠው የኢፌክት ፔዳል ይከተላሉ። በመጨረሻ ባለቤቱ ከሙዚቀኛነት ወደ ዕቃ ቤት ኃላፊነት ይዛወራል።

የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ከዚህ በሽታ ነፃ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ኒውዮርክ የገዛትን ጥቁር ፌንደር ስትራቶካስተር ሳይሳሳ ነው የተጠቀመባት፤ አንገቷን ደጋግሞ ቀየረ፣ እንጨቷን ቦረቦረ። ለዓመታት ሬስቶራንት ውስጥ ለእይታ ተሰቅላ ከርማ እንኳ፣ በ2005 ለንደን ውስጥ በላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ተጫወተባት።

በ2019 ግን ከ120 በላይ ጊታሮቹን በጨረታ ሸጠ። የተገኘውን ከ21 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአካባቢ ጥበቃ ሰጠ፤ ምስጋና ይገባዋል። ጥቁሯ ብቻዋን ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። ታዲያ 4 ሚሊዮን የተከፈለባት ጊታር ላይ ማን መሰርሰሪያ ያነሳል? ማንስ ለጀማሪ ልጅ «እስቲ ሞክራት» ይላል? ልግስናው ልግስና ነው፤ ዋጋው ግን የቡፌ ቁልፍ ሆነባት።