የቀለበቱ ሥዕል ምን ይደብቃል?

ስለ መገናኛ መረብ ሲያስተምሩ ብዙ መምህራን በሰሌዳ ላይ ክብ ሥለው፣ «አንዱ ጎን ቢበጠስ መልእክቱ በሌላው ጎን ዞሮ ይደርሳል» ይላሉ። አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የሚሰውረው ትልቅ ነገር ስላለ ልንተቸው ወደድን።

በካናዳ፣ ከቫንኩቨር ደሴት ወዲያ በባሕር ወለል ላይ የተዘረጋውን ኔፕቱን የተባለውን መረብ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ይህ መረብ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የፋይበር ኦፕቲክ ቀለበት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥንና የውሃ ግፊትን የሚለኩት መሣሪያዎች በቅርንጫፍ ስለተያያዙ፣ አንዱ ሲበላሽ ከመርከብ የሚታዘዝ ሮቦት ነቅሎ ሊተካው ይችላል። ይህ የሚደነቅ ነው። ሆኖም የቀለበቱ ሁለት ጫፎች የሚገናኙት ፖርት አልበርኒ ካለው አንድ ጣቢያ ነው። ኬብሉ ቢበጠስ ሌላ መንገድ አለ፤ ጣቢያው ቢሰናከል ግን ክብ መሆኑ ምን ይረዳል? ከተማዪቱም እ.ኤ.አ. በ1964 ከአላስካ በተነሣው ሱናሚ የተጎዳች ናት።

ጃፓኖች ከ2011 ሱናሚ በኋላ የዘረጉት ኤስኔት በዚህ ረገድ ይሻላል እንላለን። 150 የመለኪያ ጣቢያዎችን የሚያያይዙት፣ በጠቅላላው 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሆኑት ኬብሎች፣ ወደ የብስ የሚወጡት በጠረፉ ላይ ተራርቀው በተሠሩ ጣቢያዎች ነው። ጉድለቱ ግን መለኪያዎቹ ከኬብሉ ጋር አብረው መሠራታቸው ነው፤ አንዱን ለመጠገን ኬብሉን ራሱን ከባሕር ማውጣት ያስፈልጋል። መረቡ የሱናሚን ማስጠንቀቂያ እስከ 20 ደቂቃ ሊያስቀድም ስለሚችል፣ ነገሩ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ሥዕሉ ሌላም የማይነግረን አለ። ስልክ ሲቋረጥ ተነጋጋሪው ወዲያው ያውቃል። የመለኪያ ዝምታ ግን የባሕሩን ጸጥታ ይመስላል። ስለዚህ መሣሪያው ምንም ባይሰማም እንኳ «አለሁ» እያለ በየጊዜው መላክ አለበት።

እንግዲህ ተማሪዎች ክቡን ሲሥሉ ሁለቱ ጫፎች ከየትኛው ቤት እንደሚገቡ፣ ኤሌክትሪኩም ከየት እንደሚመጣ አብረው ያመልክቱ። ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ይህን መስጠት ይቻላል፦ ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ማጉያ በሌለበት ክር ላይ የተላከ ብልጭታ ከተበጠሰው ቦታ ተንጸባርቆ በ0.6 ሚሊሴኮንድ ቢመለስ፣ ብልሽቱ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው? 120 ብሎ የሚመልስ ተማሪ፣ ብርሃኑ ደርሶ መልስ መሄዱን ረስቷል።